ሰማያዊ ክር የታሰረበት ማንኪያ

ድንቡሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ከእናቷ ጋር ከልብስ ስፌት ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ውስጥ ትኖራለች። እናቷ ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ስትተክል ትውላለች። ድንቡሼ ያሏት ጉንጯን አይተው ነው እንጂ ቁርሷ አንዳንድ ቀን ሻይ ብቻ ነው።

በትምህርት ቤቷ አቅም ለሌላቸው ልጆች መንግሥት ምሳ ያበላል። የሚበላ ልጅ ጠዋት፣ እንዲለይለት ክር ያሰረበትን ማንኪያውን ወጥ ቤት ደጃፍ ካለው ሳፋ ውስጥ ያስቀምጣል። ወጥ ሠሪዋ እትዬ ማንኪያዎቹን ቆጥረው በዚያው ልክ ሩዝና ምስር ይሠራሉ። ቀትር ላይ ማንኪያውን ይዞ ለተሰለፈ ሳህን ይሰጠዋል። ማንኪያ ከሌለ ምሳ የለም!

አንድ ጠዋት የክፍሏ ልጅ፣ "ማንኪያ የሚያስቀምጡት እኮ ድሆች ናቸው" ብላ ሳቀች።

ድንቡሼ ደነገጠች። "እኔማ ቤቴ ነው የምበላው!" አለች። ቀይ ክር ያሰረችበትን ማንኪያዋንም ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የድንቡሼ ውሸት ግን ማደርም አላስፈለገው፤ ቀትር ላይ ሆዷ ጮኸ።

ያቺ የሳቀችባት ልጅ ለምሳ ወደ ቤቷ ስትሄድ ድንቡሼ ሹልክ ብላ ሰማያዊ ክር የታሰረበትን ማንኪያ ከሳፋው አነሳች። ተሰልፋ ሳህኗን ተቀበለች። ሁለቴ እንደጎረሰች ልቅሶ ሰማች።

"ማንኪያዬ የለም!" አለች አንዲት የአንደኛ ክፍል ሕፃን።

"ረስተሽው ይሆን፣ የኔ ልጅ?" አሉ እትዬ። "ድስቱም አልቋል።"

"አልረሳሁም! ጠዋት አስቀምጫለሁ!"

ድንቡሼ መጉረሷን አቆመች። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ልጆች፣ እናንተስ ምን ታደርጉ ነበር? ድንቡሼ ግን ጎበዝ ናት፤ ተነሣች።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት። እሷ አልረሳችም።" ሳህኑን ከነማንኪያው ለሕፃኗ ሰጠች። "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ።"

"ያንቺስ ማንኪያ የት ሄደ?" አሉ እትዬ።

"አፍሬ ደበቅኩት።"

"አይ ሞኞ! ይሄ ምሳ እኮ ከየቤቱ በግብር የተዋጣ ነው። እናትሽ የምትተክለው ቁልፍም አለበት። በገዛ እናትሽ ድካም ታፍሪያለሽ?"

ያን ዕለት ድንቡሼ ሳትጠግብ ዋለች፤ ልቧ ግን ቀለላት። በማግስቱ ጠዋት ያቺ የሳቀችባት ልጅ ቆማ እያየቻት ድንቡሼ ባለ ቀይ ክር ማንኪያዋን ባዶው ሳፋ ውስጥ ጣለችው። ቂው! አለ፤ ግቢው ሁሉ ሰማ።

ልጆች፣ መቸገር አያሳፍርም፤ የሌላውን ድርሻ ወስዶ ዝም ማለት ግን እግዚአብሔርን ያሳዝናል።