ጭስ የማያውቃት ጋን

ወይዘሮ ያለምወርቅ ጠላ መጥመቂያቸው ውስጥ ወድቀው ሲገኙ የመቅመሻ ጣሳቸውን እንደጨበጡ ነበር። ጎረቤት ተሸክሞ አልጋቸው ላይ ሲያሳርፋቸውም ጣሳውን ከጣታቸው የሚያላቅቅ አልተገኘም።

ኢንስፔክተር ባህሪያ ጠላ ቀምሳ አታውቅም፤ ስለዚህ አሸተተች። ጣሳው የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። መጥመቂያው ጥግ ያለችው ትንሽ ጋን ግን ባዶ ናት፤ ትኩስ የወይራ ጭስ ትሸታለች።

የመጥመቂያው ቁልፍ የሟች የማደጎ ልጅ በሆነው በባጃጅ ነጂው በሶሬሳ እጅ ስለተገኘ ፖሊሶች ካቴና አስገብተውለታል።

«ይቺን ጋን ማን አጠናት?» አለችው ባህሪያ።

ሶሬሳ ደነገጠ። «ታጠነች? ማሎ ኢንስፔክተር! እሷ እኮ እናቲቱ ናት። ሌሎቹ ጋኖች በግራዋ ይታጠባሉ፣ በወይራ ይታጠናሉ። እሷን ማንም አይነካትም፤ የሁሉም እርሾ የሚወጣው ከሥሯ ነው። እማማ ጠዋት ጠዋት ከእሷ ይቀምሳሉ፤ ‹እንዴት አደርሽ?› ይሏታል።»

«ጋኗን?»

«እኔ ሥራ ስወጣ ሌላ ማን አላቸው?»

 ባህሪያም ጠዋት ጠዋት የምታናግረው ሬዲዮዋን ነው።

ወደ ሟች ቤት ትመላለስ የነበረችው ተመራማሪ ልያ ከጅማ እስከ ሰኮሩ ከየጠማቂው ቤት እርሾ ስትሰበስብ የከረመች ናት። «የየቤቱ እርሾ ዘሩ ይለያያል» አለች። «የእሳቸውን ዓይነት ግን የትም አላገኘሁም።»

«ለብቻሽ ልታስቀሪው ፈልገሽ ይሆን?»

«ወድደው ሰጥተውኛል እኮ። ደግሞ እኔ ዕቃ የማጸዳው በአልኮል ነው፤ ጋን ማጠን አልችልበትም።»

ከሟች ጋር አጥር የሚጋራው ጠላ ሻጩ ጋሽ ወንድወሰን በባዶ አግዳሚዎች መካከል ተቀምጦ ነበር።

«ደንበኞችዎ የት ገቡ?»

«እሷ ጋ! የእሷ ጠላ ወርቅ ያፈልቅ ይመስል!»

«ቤታቸው ይገቡ ነበር?»

«እግሬ ረግጦት አያውቅም። ዛሬም ከደጅ ሆኜ ነው ያለቀስኩት።»

ከበሩ ጀርባ አተላ የያዘ ቢጫ ጀሪካን ነበር። ባህሪያ አስነሥታ ወሰደችው።

የምርመራው ውጤት ሲመጣ ሁሉንም እናቲቱ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«መርዙ የገባው እዚህ ውስጥ ነው፤ ከዚች ጋን የሚቀምሱት እሳቸው ብቻ ናቸውና። ገዳዩ ቁልፍ አላስፈለገውም፤ በሩ ክፍት ሳለ እሳቸው ወጣ ሲሉ ጠብቆ ገባ። ሰዉ አስከሬኑን ይዞ ሲወጣ ገዳዩ ወደ ኋላ ቀረ፤ አተላውን በጀሪካን ቀድቶ፣ ሽታው እንዲጠፋ ጋኗን አጠባት፣ አጠናት። ሶሬሳ ቢሆን አያጥናትም ነበር፤ ጭስ እንደማይነካት ያውቃል። ልያ ማጠን አትችልበትም። የቀረው ጠላ የሚያውቅ፣ የዚህን ቤት ልማድ ግን የማያውቅ ሰው ነው።»

«የጀሪካኑ አተላ የራሴ ጠላ ነው!» አለ ወንድወሰን።

ልያ ራሷን ነቀነቀች። «የእርስዎንም እርሾ ባለፈው ወስጄ ነበር፤ ሌላ ዘር ነው። ጀሪካኑ ውስጥ የተገኘው የእሳቸው ነው። መርዙም አብሮት አለ።»

ወንድወሰን ቁጭ አለ። «ሰው የማይቀመጥበት አግዳሚ ስታዪ አምሽተሽ ታውቂያለሽ፣ ልጄ?»

«አውቃለሁ» አለች ባህሪያ። «ሰው ግን አልገደልኩም።»

ፖሊሶቹ ወንድወሰንን ሲወስዱት፣ ካቴናው የተፈታለት ሶሬሳ ልያ ካስቀመጠችው እርሾ ላይ ጥቂት ተቀበለ። ጭሱ እስኪለቅ ጋኗን ደጋግሞ አለቀለቃት፤ ብቅል በጥብጦ እርሾውን ጨመረ።

ባህሪያ ወደ ባዶ ቤቷ ለመሄድ አልቸኮለችም። ሁለቱም በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ሲመሽ ከጋኗ ውስጥ አንዲት አረፋ ፈነዳች።

ሶሬሳ ጎንበስ አለ። «እንዴት ዋልሽ?»