ጥዬው የሄድኩት ድንጋይ

እኔ እንኳን በመንፈስ በጥላ ላምን፣ ሚስቴ ዘነበች መኪናዬ ውስጥ የሰቀለችውን ክታብ «ይሄ ነገር ፍሬን ይይዛል?» እያልኩ የማሾፍ ሰው ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሪ ጨብጫለሁ፣ የመንዝን መንገድ ከጣርማበር እስከ መሐል ሜዳ እንደ ጓሮዬ አውቀዋለሁ፣ መኪናዋም የራሴ ናት፣ አለቃ የለብኝ፣ ረዳት አልይዝ፣ ስለዚህ «ቀምሰህ ይሆናል» ልትሉኝ ያሰባችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ተዉኝ፣ ጊዜው ፍልሰታ ነው፣ ሰዓቱም ከቀኑ ስምንት ነው።

ከደብረ ብርሃን ሲሚንቶ ጭኜ ወደ ቤቴ ወደ መሐል ሜዳ እየወጣሁ ነበር። አንድያ ልጄ ማህሌት እዚያው ደብረ ብርሃን ነው የምትማረው፣ የክረምት ትምህርቷን ጨርሳ የዚያኑ ቀን ትመጣ ነበር፣ ከጎኔ ልትቀመጥ ብትለምነኝም የሲሚንቶው ብናኝ ያስልሻል፣ በሚኒባስ ነይ አልኳት። ሞላሌን አልፌ ዳገቱ ወገብ ላይ ስደርስ ሞተሩ ጋለብኝ፣ ጉሙም ወርዶ አሥር እርምጃ አያሳይም፣ ምን ላድርግ፣ መንገዱ ላይ አቆምኩና የሰው ጭንቅላት የሚያህል፣ ወገቡ ላይ ነጭ መስመር ያለው ጥቁር ድንጋይ አንስቼ መኪናው እንዳይንሸራተት ከኋላ ጎማው ሥር ወተፍኩ። ራዲያተሩ ላይ ውሃ እየጨመርኩ ሳለ ማህሌት ደወለች፣ ሞላሌ ገብተናል፣ ሰው አውርደን እንነሳለን አለችኝ።

ከዚያ ተነስቼ ሄድኩ። ድንጋዩንስ? ትቼው ነዋ! እውነቱን ልናገር፣ ብቻውን የሚነዳ ሹፌር ዳገት ላይ ወርዶ ታኮ ያደረገውን ድንጋይ ላንሳ ቢል መኪናው ወደኋላ ይሄድበታል፣ ብዙዎቻችን ጥለነው ነው የምንሄደው፣ የኋላው ሰው ዓይን አለው እንላለን።

አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ ከኋላ ጓ ጓ አለ፣ ልክ ወራጅ ሰው የመኪናውን ጎን በመዳፉ እንደሚመታው። ሰው ተንጠልጥሎብኝ ይሆናል ብዬ አቁሜ ዞሬ ባይ ሲሚንቶ ብቻ ነው፣ እየተራገምኩ ተነሳሁ። ጥቂት ሳልርቅ እንደገና ጓ ጓ። አሁን በስፖኪዮ ሳይ፣ ጥቁር በርኖስ የደረቡ ሽማግሌ ከመኪናው ጎን ይራመዳሉ፣ ቀስ ብለው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው። ዳገት ነው፣ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምነዳው፣ ግን እመኑኝ፣ በእርምጃ የሚደርስብኝ ሰው የለም። አቆምኩ፣ እሳቸውም መስኮቱ ሥር መጡ።

«እንዴት ዋሉ አባቴ፣ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ዕቃህን ጥለህ ሄድክ እኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ ቁጣ የለበት፣ ምን የለበት።

«የምን ዕቃ?»

«የኋላው ሰው ሳይደርስበት አንሳው» አሉና ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ያኔ ነው የገባኝ፣ የኋላው ሰው ማለት ማህሌት ናት። ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለም። እንዳላዞር መንገዱ ጠባብ ነው፣ በግራ በኩል ገደል። በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ቁልቁል ሮጥኩ፣ እኔ ቦርጫሙ፣ ሁለት ጊዜ ጭቃው ላይ ተዘረርኩ፣ ልጄን ብቻ፣ ልጄን ብቻ እላለሁ፣ ያ ሁሉ ጉራዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ስደርስ የፈሰሰው ውሃ አለ፣ የጎማዬ ዱካ አለ፣ ድንጋዩ የለም። ዞር ዞር ብዬ ስፈልግ ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ እያዘገመ መጣ፣ እጄን አወናጭፌ አስቆምኩት። ማህሌት ወረደች፣ አቀፍኳት፣ ጭቃ በጭቃ አደረግኳት፣ አለቀስኩም፣ ምን እዋሻለሁ። ድንጋይ እየፈለግሁ ነው ስላት ሳቅ አለች።

«ነጭ መስመር ያለው ነው? በርኖስ የለበሱ አባት ታቅፈውት እታች አግኝተናቸዋል። እንጫንዎ ስንላቸው፣ ለባለቤቱ አደርሰዋለሁ፣ እናንተ ቀስ ብላችሁ ንዱ አሉን።»

እታች! እኔን ያናገሩኝ እላይ ነው፣ መንገዱም አንድ ነው፣ ስሮጥ ደግሞ ማንም አላለፈኝም።

ሚኒባሱ እኔንም ጭኖ መኪናዬ ጋ አደረሰን። በሩ እንደተቆለፈ ነው። በቁልፌ ከፈትኩት፣ ድንጋዩ ከጎኔ ያለው መቀመጫ ላይ፣ ማህሌትን የከለከልኳት ቦታ ላይ፣ ሥሩ እንደረጠበ ተቀምጧል።

ፈራህ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ የዚያን ቀን ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን ረታሁት ብዬ ነበር፣ ታኮዬን በገመድ ከመኪናው ጋር አስሬዋለሁ፣ ስነሳ እየጎተትኩት እሄዳለሁ፣ አንድም ድንጋይ መንገድ ላይ አልተውኩም፣ ለሌሎችም ሹፌሮች ይህንኑ እየመከርኩ፣ በክታቡም ማሾፌን ትቼ እሠራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት የቤቴን በር ስከፍት ደፉ ላይ አንድ ቀይ ድንጋይ ተቀምጧል፣ ጫፉ የተገመሰ። ዘነበች ማን አመጣው ስትለኝ እኔ ነኝ አልኳት። ወዲያው ነው ያወቅሁት፣ ዓለም ከተማ መውጫ ዳገቱ ላይ እህል ጭኜ ጎማዬ ሥር የወተፍኩት፣ ስነሳ ጎማው ረግጦ የገመሰው፣ ጥዬውም የሄድኩት ድንጋይ ነው። ስምንት ዓመት ሆኖታል። እዚያ የማውቃቸው ሰዎች አሉ፣ ስልካቸውም አለኝ፣ ያን ዕለት ከኋላዬ ማን ይመጣ እንደነበር ግን እስካሁን ደውዬ አልጠየቅሁም።