መርፌው የቆመበት ቦታ

ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን የማስቀድመው ልጅ ነበረችና ፈርታ ነው እንዳትሉኝ ነው፣ ደብረ ታቦር ገበያው ጫፍ ላይ የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ቤቴን ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር፣ እና ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማላምን ሰው ነኝ። ጓሮ ውስጥ ሰው የሚመስል ጥላ ቆሟል ሲሉኝ ሄጄ የተሰቀለ ካፖርት አውርጄ የመጣሁ፣ ሬዲዮው ብቻውን ያወራል ብለው ሲያመጡልኝ የላላ ሽቦ በይጄ የመለስኩ ሴት ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፣ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የተበላሸውን እየፈታሁ፣ መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየቆፈርኩ ነው የተማርኩት፣ በዚህም እኮራለሁ እንጂ አላፍርም።

የዚያን ክረምት አክስቴ እቴቴ ዝማም የሸክላ ማጫወቻቸውን በነጠላ ጠቅልለው አዝለው መጡ፣ አዎ፣ እንደ ሕፃን አዝለው።

«ስመኝ፣ መርፌውን ለውጪልኝ። ጆሮዬ እየሄደ ነው፣ ሳይሄድ አንድ ነገር መስማት አለብኝ።»

የምን ነገር እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ባላቸው ተገኘ የሚባል ሹፌር ነበር፣ እኔ ከመወለዴ አምስት ዓመት ቀድሞ መኪናው ጉና ተራራ ላይ ተገልብጦ ነው የሞተው። ከመሞቱ በፊት ጭነት አድርሶ ሲመለስ አዲስ አበባ ላይ ድምፅ ከሚቀርጹ ሰዎች ዘንድ ገብቶ፣ ማሲንቆ የሚመታ ጓደኛውን አስቀምጦ ራሱ የዘፈነበትን አንድ ሸክላ አስቀረጸ፣ አንድ ብቻ፣ ወንድም እህት የሌለው። እቴቴ አዲስ ሳለ አንድ ጊዜ ሰምተውታል፣ «ሚስቴ ብሎ በስሜ ጠርቶኛል» ይላሉ። በለቅሶው ሰሞን ግን ሸክላው ወድቆ ተጫረ፣ ከዚያ ወዲህ መርፌው ልክ እዚያ ቦታ ሲደርስ ይዘላል።

የተገኘ ታናሽ ወንድም አያ ደምሌ ደግሞ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ፣ «ዝማም ሰማንያ አላሰረች፣ ልጅ አልወለደች፣ ወንድሜ ቤት የከረመች እንግዳ እንጂ የምን ሚስት!» ሲሉ ኖረዋል። የመቃብሩ ድንጋይ ላይም «ወንድሙ ደምሌ አሠራለት» ተብሎ ተጽፏል፣ የአክስቴ ስም የለበትም። እቴቴ በየዓመቱ ለሙት ዓመቱ ሄደው ያን ድንጋይ አንብበው ይመለሳሉ።

እንግዲህ ነገሩ የመርፌ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ገባችሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ፣ ታገሡኝ፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል። ሸክላ ማለት የተጠማዘዘ ቀጭን ቦይ ነው፣ መርፌው የቦዩን ግራና ቀኝ ግድግዳ እየዳሰሰ ከዳር ወደ መሀል ይሄዳል። ጭረት ካገኘ ይዘላል፣ ወይ ደግሞ እዚያው ተይዞ ያችኑ አንድ ቃል እንደ ተንተባታቢ ይደጋግማል፣ ባለበት ቆሞ አዲስ ነገር ሊያሰማ ግን አይችልም፣ የቆመበት ቦይ ላይ ያለው ያው አንድ ቃል ነዋ! ይህን ያዙልኝ።

አሮጌው የመርፌ ራስ፣ ካርትሪጅ የሚሉት፣ ከባድ ነበር፣ ሸክላውን እንደ ማረሻ ያርሰዋል። ሁለተኛ አስመጣሁ፣ ዋጋውም ብልጭልጩም ልዩ ነው፣ ጫፉን በማጉያ መነጽር ሳየው ግን ድቡልቡል፣ ከቦዩ አፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ውስጥ የማይወርድ። ሰው ሁሉ ይህንኑ ግጠሚው ቢለኝም እምቢ አልኩ። ሦስተኛውን ባሕር ዳር ያለ የሙያ ጓደኛዬ ላከልኝ፣ መልኩ ምንም አይል፣ ጫፉ ግን ቀጭንና ሞላላ፣ ክንዱም ለስላሳ፣ ግድግዳውን ሳይጭር እስከ ታች የሚወርድ። ልቤ እሱ ላይ ወደቀ። ችግሩ ክብደቱ ነው፣ ሲከብድ ቦዩን ይበላል፣ ሲቀል ይዘላል፣ ለዚህ የሚሆን ሚዛን ደግሞ የለኝም። እኔም ከማስመሪያና ከክር ሚዛን ሠራሁ፣ መመዘኛው የጉና ገብስ ሆነ፣ እኩል እኩሉን ፍሬ መርጬ።

አያ ደምሌ በበሩ ሲያልፉ አዩኝና ሳቁ፣ «አንቺ፣ ገብሱን የምትቆጥሪው ልትጠግኚ ነው ወይስ ልትጠምቂ?»

«ቅዳሜ ይምጡና ይቅመሱታ!» አልኳቸው።

በማይረባ የተጫረ ሸክላ ሞከርኩት፣ በሠላሳ አምስት ፍሬ ዘለለ፣ በሠላሳ ስምንትም ዘለለ፣ በአርባ ፍሬ ግን ጭረቱን እንደ ድልድይ ተሻግሮ ሄደ። ብቻዬን አጨበጨብኩ፣ እመኑኝ፣ እንደዚያ ቀን በእጄ ኮርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እቴቴ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ አያ ደምሌ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀመጡ። እኔ መርፌው የሚዘልበትን ቦታ እንዳይ መርፌውን ከተሸከመው ክንድ ሥር ወረቀት ለጥፌ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ።

አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ያ የአሮጌ ሸክላ መንጫጫት ነበር፣ ከዚያ ማሲንቆው ገባ፣ መርፌው ምልክቱ ጋ ሲደርስ መንጫጫቱ ድንገት ጠፋ፣ የዝናቡም ድምፅ የራቀ መሰለኝ። አልዘለለም። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና፦

«ጉናን ስወርደው መብራቴን አብርቼ፣
ሚስቴ ዝማም አለች፣ ቀርቼባት መቼ።»

እቴቴ አላለቀሱም። ቀና አሉ፣ እንደ ሙሽራ። «አልነገርኩህም ደምሌ?» አሉ። አያ ደምሌ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ ወረቀቴን አየሁ፣ ምን ያህል እንደተሻገረ ላይ ብዬ።

ክንዱ ምልክቱ ላይ ቆሟል።

ሸክላው ይዞራል፣ መርፌው ግን ወደ መሀል አንዲት ፀጉር ታህል አይሄድም። ጎንበስ ብዬ በማጉያ መነጽሬ አየሁት፣ ቆሟል። እንግዲህ አንድ ቃል መደጋገም ነበረበት፣ አይደል? ሰውየው ዘፈኑን ቀጠለ፦

«ወንድሜ ደምሌ፣ ምን አስቀየመህ፣
የቤቴን ባለቤት ማን ናት ያሰኘህ።»

የአያ ደምሌ ዱላ ወለሉ ላይ ወደቀ። «የምን ሚስት» የተባለው ተገኘ ከሞተ በኋላ ነው፣ እሱማ በሕይወት ሳለ ማን ደፍሮ! ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ ማንሳት አልቻልኩም፣ ማሲንቆው ዞሮ ተመለሰና፦

«ስመኝ እጀ ቀላል፣ የቤታችን ልጅ፣
በገብስ ሚዛንሽ አወጣሽኝ እንጅ።»

ስመኝ እኔ ነኝ። ተገኘ ሲሞት እናቴ ገና አላገባችም ነበር። አሁን እንኳ ስጽፈው የሚሰማኝን አልዋሻችሁም፣ ፍርሃት አለ፣ ከፍርሃቱ በላይ ግን ኩራት አለ፣ በሥራዬ እንዲያ ያመሰገነኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ልጄ...» አለ፣ ስም ሊጠራ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት፣ እጄ ክንዱን አነሳው።

አስቤ አይደለም። የሙያ ልማድ ነው፣ አንድ ቦታ የቆመ መርፌ ቦዩን ይበላል፣ እኔ የቆመ መርፌ ሳይ እጄ ሳያማክረኝ ይነሣል። ዝናቡ እንደገና ቆርቆሮውን ሞላው።

እቴቴ ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ነበር። «ለምን አነሳሽው?» አሉኝ፣ በቁጣ አይደለም፣ ቀስ ብለው። «ሊነግረኝ ነበር እኮ፣ ስመኝ። ስም ምን እንዳወጣለት ሊነግረኝ ነበር።»

እቴቴ ልጅ አልወለዱም፣ ይህን አገር ያውቃል። አያ ደምሌ ቀና ብለው ፊታቸውን፣ ቀጥሎም ሆዳቸው ላይ ያሉትን እጆቻቸውን አዩ።

መልሼ አስቀመጥኩት። መርፌው ጭረቱን እንደ ውኃ ተሻግሮ «ሚስቴ ዝማም አለች» ብሎ ቀጥ ብሎ ወደ መሀል ሄደ፣ የሌሎቻችን ስም የለም። አንድ ፍሬ ገብስ ጨመርኩ፣ ሁለት ቀነስኩ፣ ያን ብልጭልጩን እንኳ ገጠምኩ፣ እስከ ማታ ሞከርኩ። ዛሬም ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ የአክስቴን ስም ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ይህ የእጄ ሥራ ነው፣ ማንም አይወስድብኝም። ያ የቆመበት ቦታ ግን ተመልሶ አልቆመም። አንዳንዴ ሥራ ላይ ሆኜ እጄን አየዋለሁ።

ዝናቡ እንዳባራ በሳምንቱ አያ ደምሌ ድንጋይ ጠራቢ ይዘው ወደ ወንድማቸው መቃብር ሄዱ። የራሳቸውን ስም አስፋቁ፣ በቦታው «ባለቤቱ ወይዘሮ ዝማም» ብለው አስቀረጹ፣ ከሥሩ ለአንድ ስም የሚበቃ መስመር ባዶውን እንዲተውም ጠራቢውን አዘዙት።