የናይዳ ኮት

«ምን በልታ ነው?» አለች ሲስተሯ የናይዳን ዓይን በባትሪ እያየች። ናይዳ ሦስት ብርድ ልብስ ለብሳ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

«የተጠበሰ ዓሣ» አለ ሮኔል ፈጠን ብሎ። ወደ ጤና ጣቢያው ሲመጡ ከኤዲት ጋር መንገድ ላይ የተስማሙበት ውሸት ነው። ኤዲት የጓደኛዋን እርጥብ ኮት አቅፋ ቆማለች።

ዓሣ የሚባል ነገር አልበሉም። ከሰዓት በኋላ ቲቲካካ ሐይቅ ዳር የበዓሉን ጭፈራ ሲለማመዱ ሮኔል ከአጎቱ ቤት የሸንኮራ አረቄ ይዞ መጣ። በእኛ በሐይቁ ዳር ሰዎች ዘንድ ሁሉም የሚጠጣው በአንድ ብርጭቆ ነው። ጠጥቶ የጨረሰ የመጨረሻዋን ጠብታ ለእናት ምድር ያፈስና ለጎረቤቱ ያቀብላል። አልጠጣም ያለ ሰው ዙሩን ሁሉ ያስቆማል።

በአራተኛው ዙር ናይዳ «በቃኝ፣ ኤዲ» ብላ ነበር።

«ኧረ አታካብጂ፣ ጠጪ። ብርዱን ያባርርልሻል» ያለቻት ኤዲት ራሷ ናት።

ትንሽ ቆይቶ ናይዳ «ሞቀኝ» ብላ ኮቷን አወለቀች። ሁሉም ሳቁ፤ ከሁሉም በላይ ኤዲት ሳቀች። በረዶ መጣል ሲጀምር ለበዓሉ ወደተሠራው ዳስ ሮጡ። ናይዳ ግን ውጭ አንድ ግንብ ሥር ጋደም ብላ ቀረች። «ትተኛ፣ ይለቃታል» ተባባሉ። በረዶው ሲያባራ ሄደው ቢጠሯት አልሰማቻቸውም።

«ዓሣ እንዲህ አያደርግም» አለች ሲስተሯ። «እንዲህ የሚያደርገው አረቄ ነው፤ ደሙን ወደ ቆዳ ያወጣዋል። የጠጣው ሰው ሞቀኝ ይላል፣ ውስጡ ግን እየቀዘቀዘ ነው። ሲበዛ ደግሞ አንጎል መተንፈስንም ይረሳል። ጠጥታ ከሆነ አሁኑኑ ወደ ከተማ መላክ አለባት። ጠጥታለች?»

«ልጄ አረቄ አታውቅም» አሉ አልጋው አጠገብ የቆሙት የናይዳ እናት፣ እትዬ ኦልጋ። «ደግሞ ከኤዲት ጋር እኮ ነበረች።»

ሮኔል የኤዲትን እግር ረገጥ አደረገው። ኤዲት እትዬ ኦልጋን ማየት አቃታት። ያ እምነታቸው ከስድብ ሁሉ በላይ አመማት።

«አራት ብርጭቆ ጠጥታለች፣ ሲስተር» አለች። «አራተኛውን በቃኝ ብላ ነበር። እኔ ነኝ ያጠጣኋት።»

ሲስተሯ ስልኩን አነሳች። አምቡላንሱ ሲመጣ ኤዲት ኮቱን ለእትዬ ኦልጋ ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም፤ ቀና ብለውም አላዩዋት። በሩ ተዘግቶ መኪናው ሄደ።

«አበድሽ እንዴ?» አለ ሮኔል። ኤዲት ኮቱን ጨምቃ ወደ ቤት ይዛው ሄደችና ምድጃው አጠገብ ሰቀለችው። ሲደርቅ ወደ ከተማ ይዛው ልትሄድ ነው። ባያስገቧትም እንኳ ሆስፒታሉ በር ላይ ትጠብቃለች።