ሁለተኛው ጉርሻ

ኃይለየሱስ የሞተው ማይክ እንደጨበጠ ነው። በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሶደሬ ፍል ውሃ የመጣ ሰው ሁሉ የመጨረሻ ቃሉን በድምፅ ማጉያ ሰምቷል። «ሸዋወርቅ…» አለ፤ ሆዱን ያዘ፤ ከመድረኩ ላይ ተደፋ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ የሚቀልድ መስሎት አጨበጨበ።

መርማሪ ፖሊሱ መቶ አለቃ ጉደታ ከናዝሬት ሲደርስ ሬሳው በጠረጴዛ ልብስ ተሸፍኖ ነበር። አለቃው ሻምበል ሰንበታ ቀድሞት ደርሶ ነገሩን በራሱ ቤት ጨርሶታል።

«ዘፋኟ ናት» አለው። «ምሳ በልተው ወደ መድረክ ሲወጡ ከፔርሙዟ ዝንጅብል በማር ቀድታ ሰጠችው። ጠጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ስሟን ጠርቶ ወደቀ። ምን ቀረህ? ይህ የኪነት ቡድን ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አዲስ አበባ የሚሄድ ነው፤ ነገ ከበላይ ሲጠይቁኝ አፌን ከፍቼ አልቆምም። ሲመሽ ይዣት እሄዳለሁ።»

«እስኪመሽ ለኔ ይተዉልኝ፣ ጓድ ሻምበል።»

«ሌላ ሰው ካላገኘህ እሷው ናት።»

በዚያ ዘመን እንዲህ በችኮላ የተወሰደ ሰው በቶሎ አይመለስም፤ ጨርሶ ያልተመለሰም ብዙ ነው። ጉደታ ይህን ያውቃል። ሌላም የሚያውቀው ነገር አለ። ዓምና በወንጂ መንገድ የተገደለውን ነጋዴ ጉዳይ ፈልፍሎ ያወጣው እሱ ሆኖ ሳለ ሽልማቱን የወሰደው ሻምበሉ ነው። በሽልማቱ ስብሰባ ላይ ጉደታም አጨብጭቧል፤ መዳፉ እንጂ ልቡ አላጨበጨበም።

አንድ ቀጭን ሰው ወንበር አመጣለት። ጉደታ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ተቀመጠና ሸዋወርቅን አስጠራ።

ሟቹ ዘፋኝ አልነበረም። ሥራው ዘፋኞችን ማስተዋወቅ ሲሆን ሕዝቡ ግን የሚመጣው ለምላሱ ነው። በዘፈንና በዘፈን መሀል የማይነካው ጉዳይ የለም፤ የኳስ ተጫዋቹ ጋብቻ፣ የተዋናይቷ ዊግ፣ የአዲስ አበባ ዘፋኞች ኩርፊያ። ቀበሌው ጋ ሲደርስ ብቻ ምላሱ ልጓም ያውቅ ነበር። የገዛ ቡድኑንማ አይምርም። ናዝሬት ሳምንቱን ሙሉ የምትስቀው እሱ ቅዳሜ በተናገረው ነው።

ሸዋወርቅ መጣች።

«ባለፈው ቅዳሜ ምን አለሽ?» አላት ጉደታ።

«‹ሸዋወርቅ ድምጿን ቆቃ ግድብ ውስጥ ጥላዋለች፤ ዓሣ አጥማጆች ብታገኙ መልሱላት› አለ።»

«ሰው ሳቀ?»

«እናቴ ሳትቀር።»

«ጠላሽው?»

«እንዴት አልጠላው! ግን መቶ አለቃ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው እኔን ለማየት እየተጋፋ ነው የሚገባው። የት የጣለችው ድምፅ ነው እያለ። ከፔርሙዙም እኔ ራሴ ጠጥቻለሁ። ማን ይመስክርልኝ?»

ቀጥሎ የመጣው የቡድኑ መሪ አብተው ነው፤ ሳክስፎኑ እንደ ሕፃን ልጅ ከደረቱ አልወርድ ብሏል።

«እርስዎንስ ምን ይልዎት ነበር?»

«‹አብተው ሲነፋ የፋብሪካ ተረኛ ሁሉ ፊሽካ መስሎት ይነሣል።›»

«በሌላዋ ዘፋኝ በጉዲቱም ይቀኑ ነበር ይባላል።»

አብተው ፊቱ ቀላ። «አዎ እቀናለሁ! እኔ ያስተማርኳትን ልጅ እሱ በማይክ ‹የኔ ንግሥት› ሲላት ምን ላድርግ፣ ላጨብጭብ? ቢሆንም የዛሬውን ምሳ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። እሱንና ሸዋወርቅን ላስታርቅ ብዬ። ዶሮ ወጥ አሠርቼ ከሾላው ሥር በአንድ ትሪ በላን።»

«እነማን?»

«እኔ፣ ሸዋወርቅ፣ ጉዲቱና እሱ። አራታችን።»

ጉዲቱ ገና ወጣት ናት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«አካም ጅርታ፣ ጉዲቱ?» አላት ጉደታ እንድትረጋጋ።

«ምን ደኅና አለኝ፣ ጋሼ! እኔን እኮ ሰድቦኝ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ‹ይህን ዜማ ከገዛ ልቧ ያፈለቀች› ብሎ ነው ያስተዋወቀኝ።»

«አፍልቀሻል?»

«እኔ… እዘፍነዋለሁ እንጂ» ብላ አቀረቀረች።

«ምሳውን እነማን በላችሁ?»

እሷም እነዚያኑ አራት ሰዎች ጠራች። ሸዋወርቅ ዳግም ስትጠየቅ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።

ጉደታ ወደ ማዕድ ቤት ገባ። በድንጋጤ ማንም ዕቃ ያጠበ የለም፤ ትሪው እንደተነሣ ተቀምጧል። ጎንበስ ብሎ አየው። ሰው ከትሪ ሲበላ ከፊቱ ነው የሚበላው፤ ከጎረቤቱ ፊት መድረስ ነውር ነው። ስለዚህ የትሪ እንጀራ በላተኞቹ ከሄዱም በኋላ ማን የት እንደነበረ ይናገራል። ይህኛው ትሪ ከአምስት በኩል ተነክቷል። አራቱ ቦታ ወጥ የነካው የበላተኛ ቦታ ነው። አምስተኛው ላይ ግን እንጀራው በሰፊው ተቀዷል፤ ወጡ ያን ያህልም አልተነካ። እዚያ የተቀመጠው ሰው ጠቅልሏል እንጂ አልበላም።

ከዚያ ወደ ሾላው ወረደ። የሶደሬ ጦጣ ሌባ ነው፤ ከሰው እጅ ነጥቆ ይበላል። አንዷ ግን ከሥሩ ተዘርራ ዝንብ ወርሯታል። በእጇ ወጥ የነካው ጥቅል እንጀራ ይዛለች፤ ገሚሱን በልታለች። ጉደታ በመሐረብ ጠቅልሎ አነሣት። ጦጣ ከፔርሙዝ ዝንጅብል ቀድታ አትጠጣም።

ፀሐይዋ ከመጥለቋ በፊት ትሪውን ከሾላው ሥር አስመለሰና የቡድኑን ሰዎች በሙሉ አስጠራ። ሻምበሉም ሰዓቱን እያየ መጣ።

«በበላችሁበት ቦታ ተቀመጡ» አለ ጉደታ።

አብተው ተቀመጠ። ሸዋወርቅና ጉዲቱም ቦታቸውን ያዙ። በሟቹ ቦታ ጉደታ ራሱ ማይኩን አስቀመጠ። በአብተውና በማይኩ መሀል አንድ ክፍት ቦታ ቀረ፤ እንጀራው በሰፊው የተቀደደበት።

«እዚህ ማን ነበር?»

እርስ በርስ ተያዩ።

«ማንም» አለ አብተው። ከዚያ ትሪውን አየና ቦታዎቹን በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

«ውይ!» አለች ጉዲቱ አፏን በእጇ ይዛ። «ሙሉብርሃን ነበር እኮ!»

ሁሉም ዞረው አዩ። ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ሽቦ የሚጠቀልል ቀጭን ሰው ቆሟል። ጉደታ አሁን ገና አወቀው፤ ወንበር ያመጣለት ሰው ነው። እሱም እንደ ሌሎቹ ስሙን ሳይጠይቀው መቆየቱ ትንሽ አሳፈረው።

«ሙሉብርሃን፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ግጥምና ዜማ እጽፋለሁ። ሽቦም እጠቀልላለሁ።»

«ሦስታችሁንም ጠይቄ ሦስታችሁም አራት አላችሁኝ» አለ ጉደታ ወደ በላተኞቹ ዞሮ። «አልዋሻችሁም። ረስታችሁት ነው። ሸዋወርቅ፣ ሟቹን አጉርሰሽው ነበር?»

«ሁለት ጊዜ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ለዕርቅ ቀርቤ አንድ ብቻ ላጉርስ?»

«በላልሽ?»

«ሁለቱንም።»

አብተውም ጉዲቱም እንደዚያው መለሱ።

«ሙሉብርሃንስ?»

ጉዲቱ ግንባሯን አሸች። «አንዱን ጎረሰለት። ሁለተኛውን ሲሰነዝርለት ግን ‹በቃኝ፣ አንተ ደግሞ› ብሎ ፊቱን ወደኔ መለሰ።»

«ያ ሁለተኛው ጉርሻ ተጣለ» አለ ጉደታ መሐረቡን እየገለጠ። «ያነሣችውም ይችው ናት። ዝንጅብሉን ሳትቀምስ ሞተች። ከሌሎቻችሁ ጉርሻ የተጣለ የለም፤ ሁሉንም በልቶላችኋል። እንግዲህ መርዙ በትሪው ውስጥ ቢሆን ሁላችሁም ታማችሁ ነበር፤ በፔርሙዙ ቢሆን ሸዋወርቅ እዚህ ተቀምጣ አታወራም። የቀረው አንድ እጅ ነው።»

ሻምበል ሰንበታ ጎሮሮውን ጠረገ። «ኧረ ለመሆኑ ይኼ ሰው በምን ተቀይሞ ነው? ሟቹ የሰደበው እነዚህን!»

«እኔም እስካሁን የተሰደበ ሰው ስፈልግ ነው የቆየሁት፣ ጓድ ሻምበል። የተሰደበ ሰው ይናደዳል፤ ግን ስሙ ተጠርቷል፣ ሕዝብ ሊያየው ይጋፋል። ጨርሶ ያልተጠራው ሰው ግን በተሞገሰውም በተሰደበውም ይቀናል።» ይህን ጉደታ ከየትም አልተማረውም፤ ከራሱ ነው ያወቀው። «ሙሉብርሃን፣ ኃይለየሱስ ስለ አንተ በማይክ ምን ብሎ ያውቃል?»

«ምንም።»

«አልሰደበህም?»

«ምንም አላለም!» ሽቦው ከእጁ ወደቀ። «የሸዋወርቅን ዘፈን የጻፍኩት እኔ፣ የጉዲቱንም እኔ! ሸዋወርቅ ድምጿ ቆቃ ገባ ተባለች፤ ምነው የኔ ግጥም አዋሽ በገባ! ምነው ሌባ ባለኝ! ከናዝሬት እስከ መተሐራ ሰው ሁሉ ዘፈኔን ያፏጫል፤ አስተናጋጅ እንኳ ‹አንተዬ› ነው የሚለኝ። ዛሬ ጠዋት መርዙን ኪሴ ይዤ ቆሜ ስሰማው ነበር። አንዴ ስሜን ቢጠራ አዋሽ ልጥለው። ‹ከገዛ ልቧ ያፈለቀች› አለ! ሲሞት እንኳ የጠራው የሸዋወርቅን ስም ነው!»

ሸዋወርቅ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ለማን እንደሆነ እሷም አላወቀችው። አንድ ፖሊስ የሙሉብርሃንን ኪስ ሲገለብጥ በወረቀት የተጠቀለለ የአይጥ መርዝ አገኘ።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለው ጉደታ ካቴናውን ሲያስገባለት። «ለመግደል አንዱ ይበቃህ ነበር። ሁለተኛውን ለምን ጠቀለልክ?»

ሙሉብርሃን ጥያቄው ራሱ ግራ እንዳጋባው ሁሉ አየው። «እንዴ፣ አንድ ብቻ ማን ያጎርሳል?»

ሻምበል ሰንበታ ሱሪውን ከፍ አደረገ። «እኔማ ገና ስመጣ ሁኔታው አላማረኝም ነበር» አለ።

ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ጉደታ ቢሮው ደጋግሞ አነበበው፤ አጠፈው፣ እንደገና ዘረጋው። ከዚያ ወደ እስር ክፍሉ ሄደ።

ሙሉብርሃን ጋዜጣውን ሲያይ ከሰሌኑ ላይ ዘሎ ተነሣ። «ወጣሁ? ስሜን አስተካክለው ጻፉት?»

ጉደታ አነበበለት። «‹በሻምበል ሰንበታ ንቁ ክትትል አንድ የኪነት ባልደረባን በመርዝ የገደለ ግለሰብ በቁጥጥር ሥር ዋለ።›»

«ግለሰብ?»

«ግለሰብ።»

«ግጥምና ዜማ ደራሲ አይልም?»

«አይልም።»

ሙሉብርሃን ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ በፍርግርጉ በኩል ጉደታን ትኩር ብሎ አየው። «እርስዎስ፣ መቶ አለቃ? ያገኘኝ ሰውስ ስሙ የለም?»

«እኔም የለሁበትም» አለ ጉደታ። ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ድምፁ ግን እንዳሰበው አልወጣም።

ሙሉብርሃን ከሰሌኑ ላይ ትንሽ ጠጋ አለ፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀ። ጉደታ ጋዜጣውን በፍርግርጉ አቀበለውና ቶሎ ብሎ ከዚያ ሄደ።