ሦስት ጉድጓድ ለአንድ ሬሳ

ኢንስፔክተር ጀማነሽ ወደ መኝታ ቤቱ ስትገባ ሦስት ሰዎች ሬሳውን ከበው ይጨቃጨቁ ነበር። እሷን ሲያዩ እንኳ ድምፃቸውን አልቀነሱም።

«ሰውየው የእኛ ነው! አፅሙ አገሩ ይገባል!» ይላል ከገጠር የመጣው የሟቹ የወንድም ልጅ ኃይለገብርኤል።

«ሚስቱ እኔ እያለሁ አንተን ማን ጠየቀህ? የሚቀበረው ተራራው ላይ ነው» ትላለች ወይዘሮ ፍሬሰላም።

«ማለቴ፣ ይሄ እኮ ያለቀ ጉዳይ ነው» አለ የሟቹ ሥራ አስኪያጅ ኢያቄም፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። «ወጨጫ ተራራ ላይ መቃብሩ ተሠርቷል፤ ፕሮግራም ወጥቷል። በቃ።»

ጀማነሽ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ገበያ እንደ ወጣ በግ የሚጎተት ግን አላየችም። ሦስቱንም ወደ ሳሎን አስወጥታ በሩን ዘጋች።

አልጋው ላይ የተጋደሙት አቶ አጥናፉ ነበሩ። በጎልማሳነታቸው ወታደርና ቀያሽ እየመሩ የጠረፉን በረሃ ያቋረጡ መንገድ መሪ፤ በኋላ ደግሞ ያንኑ ኑሮ ትርኢት አድርገው «የጠረፍ ፈረሶች» በሚል ስም አገር ያዞሩ ዝነኛ ሰው። አሁንም የትርኢት ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ነው፤ ዘርፋም የቆዳ ጃኬት፣ ቦት ጫማ፣ ደረታቸው ላይ ሰፊ ባርኔጣ። ቤተሰቡ ያረፉት በእርጅና ነው ብሏል። ፖሊስ የጠራው የሰፈሩ ሐኪም ነው፤ ዓይናቸው ውስጥ ጠብ ጠብ ያለ ደም አይቶ።

ጀማነሽ ጎንበስ ስትል የቫርኒሽ ሽታ አፍንጫዋን መታው። የጫማው ሶል ላይ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ነገር ተጣብቋል። ከኋላ በኩል የሁለቱም ቦት ስፌት ከላይ እስከ ተረከዝ በምላጭ ተተርትሯል፤ እግራቸው አብጧል። ፈረስ የሚጎሰምበት ብረት ተረከዛቸው ላይ ታስሯል፤ ዘለበቶቹ ግን ወደ ውስጥ ዞረዋል። በወጣትነቷ ፈረሰኛ ፖሊስ ነበረችና ይህን ስታይ ቅንድቧ ተሰበሰበ።

መጀመሪያ ፍሬሰላምን ጠራች።

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ጎተራ፣ ልቅሶ ላይ። ምሳ አብልቼው ወጣሁ። አመሻሽ ላይ ስመለስ እንዲህ ለብሶ አገኘሁት።»

«እግራቸው ካበጠ ቆየ?»

«ዓመት አለፈው። ነጠላ ጫማ እንኳ አይገባለትም።»

«ታዲያ ቦት እንዴት ገባላቸው?»

ፍሬሰላም አንገቷን ደፋች። «እሱ... ካለ ካለ ነው።»

ግድግዳው ላይ ነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠች ሕፃን ፎቶ ተሰቅሏል። «ይህችስ ማን ናት?»

«ሩሐማ፣ ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትርኢት ላይ ከፈረስ ወድቃ ሞተች። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው የተቀበረችው።»

«ትርኢቱስ?»

«ቀጠለ እንጂ! ሕዝቡ እየጠበቀ ነበር።» ከዚያ ፊቷ በራ። «እኔም ያኔ ፈረስ ላይ ቆሜ ነበር የምጋልበው። ቢያዩኝ!»

ጀማነሽ ማየት አልፈለገችም።

ኃይለገብርኤል መስቀል ፍላወር አካባቢ አልጋ ይዞ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ እንደ ዋለ ተናገረ። «ማን አየዎት?» ስትለው «የተኛ ሰው ማን ያያል?» አላት። ያደገው ፈረስ ላይ እንደ ሆነም ነገራት።

ኢያቄም ተራው ሲደርስ ስልኩን ዘረጋላት። የሬሳው ፎቶ ገና ከማለዳው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተለጥፏል፤ ልብ የሰጡት ብዛት! «ሌጀንድ ናቸው፣ ኢንስፔክተር። ለተራራው ራሳቸው ለብሰው ተዘጋጅተው ነው የሄዱት።»

«ልብሱ የት ነበር?»

«ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ነዋ! ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

ከዚያ ቂርቆስ ሄደች። የደብሩ ቄስ መምሬ ዘአማኑኤል የሩሐማን መቃብር አሳዩዋት፤ ዙሪያው በቅርቡ ተጠርጓል።

«አጥናፉ ባለፈው እሑድ መጥቶ ነበር» አሉ መምሬ። «እየተንፏቀቀ ሣሩን በእጁ ነቀለ። ‹አባቴ፣ ተራራ አልወጣም፤ ልጄ ስትወድቅ ትርኢቱን ያላስቆምኩ ሰው ሞቼም ትርኢት አልሆንም። እዚህ ከጎኗ ቅበሩኝ። በቴሌቪዥንም እናገረዋለሁ› አለኝ።»

«ይህን ሌላ ሰው ያውቃል?»

«ሦስቱንም ሰብስቤ ነግሬያቸዋለሁ ብሎኛል። ሚስቱን፣ የወንድሙን ልጅ፣ ያንን ሥራ አስኪያጅ።»

ሦስቱም አውቀው ነው ለካ ሬሳው ላይ ሲጯጯሁ የነበሩት!

ወጨጫ ስትወጣ እብነ በረድ የለበሰው መቃብር አፉን ከፍቶ ጠበቃት። በሩ አጠገብ የቲኬት መስኮት አለ፤ ከጎኑ ለሽያጭ የተደረደሩ ባርኔጣዎች። ውስጥ የመስታወት ሣጥን ቆሟል፤ የእንጨት መቆሚያው አዲስ ቫርኒሽ ተቀብቶ ገና ሳይደርቅ ሁለት ጫማ ተላቆ የሶሉ ቅርፅ ቀርቶበታል። ሽታው ያው ነው።

«ልብሱ እዚህ ነበር?» አለችው ዘበኛውን።

«አዎ። ትናንት ከምሳ በፊት ኢያቄም መኪናው ላይ ጭኖ ወሰደው። የሣጥኑ ቁልፍ ከሱ እጅ አይወጣም።»

በማግስቱ ሦስቱንም ካዛንቺስ፣ የሟቹ ቤት ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መምሬም መጡ። ውጭ ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛ ተቀምጧል።

«አቶ አጥናፉ በትራስ ታፍነው ነው የሞቱት፤ ሐኪሙ ዓይናቸው ውስጥ ያየው ደም የዚያ ምልክት ነው፤ ምርመራውም አረጋግጧል» አለች። «ያበጠ እግር ያለው ሰው ቦቱን በምላጭ ሰንጥቆ ራሱ አያጠልቅም። የሰነጠቀው ከሞቱ በኋላ ያለበሳቸው ሰው ነው።»

«የተረከዙ ብረት ዘለበቱ ወደ ውጭ ሆኖ ነው የሚታሰረው። ወደ ውስጥ የሚያስረው ቀኙን ለግራ፣ ግራውን ለቀኝ ያደረገ ሰው ነው። ወይዘሮ ፍሬሰላምና አቶ ኃይለገብርኤል ፈረሰኞች ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ አይሳሳቱም። እርስዎስ፣ አቶ ኢያቄም? ፈረስ ጋልበው ያውቃሉ?»

«ይሄ... ይሄ ማስረጃ ነው እንዴ?»

«ብቻውን አይደለም። ልብሱ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም ብለዋል። ሶሉ ላይ ያለው ቫርኒሽ ግን ከመስታወት ሣጥንዎ የተላቀቀው ነው። ልብሱን ያወረዱት ከምሳ በፊት፣ አቶ አጥናፉ በሕይወት እያሉ ነው። ለሬሳ የሚሆን ልብስ ሬሳው ሳይኖር ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ጎተራ ሲሄዱ ገቡ። ያንን ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ ሽማግሌው ተራራውን መረጡ እንዲል ነው ያለበሷቸው።»

ኢያቄም መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ጮኸ። «ለመንኳቸው እኮ! ባዶ መቃብር ማን ሊያይ ይወጣል? የሰውን ሁሉ ልፋት በአንድ ቃል ገደል ሊከቱ! ሰማንያ ዓመት ኖረዋል፣ ምን ቀራቸው?»

«ሞታቸው» አለች ጀማነሽ።

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ፍሬሰላም ማልቀስ ጀመረች።

«እርስዎ አያልቅሱ» አለቻት። «ቦቱ እንደማይገባላቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሲያዩት ገብቶዎታል። ለምን ዝም አሉ?»

«ኢያቄም መቃብሩ በር ላይ ሱቅ ሊሰጠኝ ነበር...» አለች ሴትዮዋ፣ መሀረቧን እያጠፈች።

«እርስዎም ኑዛዜውን ሰምተው ደበቁ» አለች ወደ ኃይለገብርኤል ዞራ።

አቶ አጥናፉ በነጭ ጨርቅ ተገንዘው ቂርቆስ፣ ከሩሐማ ጎን ገቡ። ካሜራ አልነበረም፤ ሰውም ጥቂት ነበር። ፍትሐቱ አልቆ ለቀስተኛው ሲበተን ጀማነሽ ኃይለገብርኤልን ከመቃብሩ ላይ ተንበርክኮ አየችው። ለአንዲት ደቂቃ አዘነችለት። ቀረብ ስትል ግን አፈሩን እየዛቀ ፌስታል ውስጥ ይከት ነበር።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«አገር ቤት እኛም መቃብር እንሠራለን» አላት ሳያፍር። «ከአፈሩ ትንሽ ካለ ይበቃል። ሰው ይመጣል።»

ጀማነሽ ፌስታሉን ከእጁ ነጥቃ አፈሩን እዚያው መቃብሩ ላይ ደፋችው። ከዚያ በእግሯ ሳይሆን በእጇ ደለደለችው፤ ቆፋሪዎቹ ድንጋዩን አምጥተው እስኪያሳርፉም ከቦታው አልተነቃነቀችም።