ስድስት ጆንያ አሸዋ

ቢላዋው ጆንያውን ሰነጠቀው። ስኳር አልፈሰሰም።

አሸዋ ፈሰሰ። ከቡና ገለባ ጋር የተቀላቀለ የነሪ ወንዝ አሸዋ።

የቀበሌው ሱቅ ኃላፊ ውባየሁ ቢላዋውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሁለተኛውን ጆንያ ቀደደ። አሸዋ። ሦስተኛውንም። ስድስቱም ያው ነበሩ።

ጥር 1979 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጂንካ። ሕዝቡ ሦስት ወር ሙሉ «አልመጣም» ሲባል ከርሞ፣ ገና ሳይነጋ የሸቀጥ ደብተሩን ይዞ ተሰልፏል።

«ስኳራችንስ?» አለች ከፊት የቆመች ሴት።

ከኋላ አንድ ድምፅ ወጣ። «ዘበኛውን ጠይቁት!»

ሁሉም ዞረ። ዘበኛው ሻንቆ ዱላውን ተደግፎ በሩ ሥር ቆሟል። ስድሳውን ያለፈ የአሪ ሰው ነው፤ ቀን ንቦቹን ያያል፣ ማታ ሱቁን ይጠብቃል። ዓይን ሁሉ ሲያርፍበት ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ለምን እንዳስቀመጠው እሱም አያውቅም። ሰው ግን «አየህ፣ ጥፋቱን አመነ» አለ።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ሻንቆ ታሰረ።

*

ጉዳዩ ለአስር አለቃ ፈለቀ ተሰጠ። ተሰጠ ማለት፣ ወረቀቱን እንዲያጠናቅቅ ተነገረው። ፈለቀ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ሲሆን ትናንት ጠመንጃ አያያዝ ያሳያቸው ልጆች ዛሬ ሰላምታ ይጠብቁበታል። ከነሱ አንዱ የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ ዓባይነህ ነው።

«ሰኞ ጠዋት መኪና ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል» አለ መቶ አለቃው ቀና ሳይል። «ሰውየው በሱ ይሄዳል። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው።»

«ጌታዬ፣ ሽማግሌው ስድስት ኩንታል በምን ተሸከመው?»

«ተባባሪ ይኖረዋል። እዚያ ይናገራል።»

እዚያ እንዴት እንደሚናገሩ ፈለቀ ያውቃል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፋይል ታቅፎ የሄደ ሰው ሚስቱ አንድ ሁለቴ ልብስ ይዛ ትመላለሳለች። ከዚያ «አትምጪ» ትባላለች። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

«እስከ ሰኞ ልመርምር ጌታዬ?»

«መርምር። ግን አትፈላሰፍ።»

ሁለት ቀን። ፈለቀ ቀበቶውን አጥብቆ ወጣ።

*

ውባየሁ ባዶው ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ ይቆረጥማል።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«አንዱ እኔ ጋ። አንዱ የቁጥጥር ኮሚቴው ጋሽ ነጋሽ ጋ። ሁለታችን ካልተገናኘን በሩ አይከፈትም።»

«ስኳሩን ስትረከብ መዝነሃል?»

«ጆንያው ተሰፍቶ መጣ፣ ተቆጠረ፣ ገባ። ምን አስመዘነኝ?»

«ሥራህ ነዋ!»

ውባየሁ ልጣጩን ተፋ። «አስር አለቃ፣ የጫማ ቀለሙን ቂም ልትወጣብኝ ነው የመጣኸው?»

የፈለቀ ጆሮ ጋለ። ነገሩ ጥቅምት ላይ የሆነ ነው። ውባየሁ አንድ ኪሎ ስኳር የሚፈልግ ሰው አብሮ የጫማ ቀለም ካልገዛ አላስተናግድም አለ። ጫማ ያለው ገዛ፣ ጫማ የሌለውም ገዛ። ፈለቀ ቅሬታውን ጽፎ በሱቁ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የእንጨት ሳጥን ከተተ። በማግሥቱ ውባየሁ ያንኑ ወረቀት ለወረፋው ሕዝብ ጮክ ብሎ አነበበ። ፊደል የሳተበትን ቦታ ደጋግሞ አነበበ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። የፈለቀ ሚስትም እዚያው ቆማ ነበር።

ሌባው ውባየሁ ቢሆን ደስ ይለዋል። ደስ የሚለው መሆኑ ራሱ አስፈራው። ሰው የሚጠላውን ሲጠረጥር ዓይኑ ይታወራል።

ነጋሽ ጋ ሄደ። ነጋሽ አስተማሪ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያው አስተባባሪ፣ የቁጥጥር ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የቅሬታ ሳጥኑም ቁልፍ ያዥ። ከከተማው የተማሩ ሰዎች ሁሉ ፈለቀ ሲገባ ከመቀመጫው የሚነሳለት እሱ ብቻ ነው።

«ወንድሜ ፈለቀ፣ ተቀመጥ። ደክሞሃል።»

«ጋሽ ነጋሽ፣ ምን ያስባሉ?»

ነጋሽ መነጽሩን ጠረገ። «ሻንቆን አዝንለታለሁ። ግን በሩ ላይ የቆመው እሱ ነው። ስለ ውባየሁ ምንም አልልህም። ያን ቀን የኔን ሳጥን ሰብሮ ነው ማመልከቻህን ያወጣው። ቢሆንም አንተ በቂም አትመራ።»

ፈለቀ ሲወጣ ልቡ ሞቆ ነበር። እንደዚያ አክብሮ የሚያናግረው ሰው አግኝቶ አያውቅም።

*

ከሰዓት በኋላ የሻንቆ ሚስት አየለች ምግብ ይዛ መጣች። በእስር ቤቱ መስኮት በኩል ከባሏ ጋር በአሪኛ ተነጋገሩ። ሻንቆ ድንገት መብላቱን ተወ።

«ምን አለችህ?» አለ ፈለቀ።

«ንብ ሥራ ይዟል ትላለች።»

«ታዲያ ንብ ሥራው አይደለም?»

«በጥር?» ሻንቆ ፈገግ አለ፤ ከታሰረ የመጀመሪያው ነው። «አበባ የለ። ዝናብ የለ። በዚህ ወር ንብ ቀፎው አፍ ላይ ተቀምጦ እንደኛ ሰው ያማል። እኔ ሰሞኑን ወደ ማሳው አልወጣሁም፤ አሁን ግን ከሐሙስ ጀምሮ ይሮጣል፣ ሞልቶ ይመለሳል ትላለች። አስር አለቃ፣ የኔ ንቦች ስኳሩን አግኝተውታል።»

«ንብ ለፖሊስ ቃሉን አይሰጥም» አለ ፈለቀ።

«ቀለም ቀባው። የሐመር ሴቶች ጸጉራቸውን የሚቀቡት ቀይ ዱቄት ገበያ አለ። አየለች በላባ ትነሰንስበታለች። ከዚያ አንተ ከተማ ውስጥ ቀዩን ንብ ፈልግ።»

ይህን ለመቶ አለቃው ቢነግረው እስከ ጡረታው ይሳቅበታል። አልነገረውም።

*

እሑድ ጸሐይ ሞቅ ሲል ፈለቀና አየለች ከከተማው በላይ ባለው የሻንቆ ማሳ፣ ከዛፍ የተንጠለጠሉት ቀፎዎች ሥር ደረሱ። እሷ በላባ ቀዩን ዱቄት ነሰነሰች። እሱ ሦስት ቦታ ተነደፈ።

«አትንቀሳቀስ» አለችው። «ንብ የሚፈራ ሰው አይወድም።»

«እኔም የሚናደፍ አልወድም!»

ሲወርድ የግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኖ ነበር። በአንድ ዓይኑ ወደ ሰማይ እያየ ሰፈር ለሰፈር ዞረ። ሰው ከኋላው ተጠቋቆመ። ሰዓቱ ይነጉዳል። ንብ ጸሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ነገ ጠዋት ደግሞ መኪናው አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ የጠጅ ቤቷ አረጋሽ ጓሮ ውስጥ ቀይ ንብ አየ። ሌላም አየ። ሦስት ናቸው።

«አንተ ደግሞ» አለች አረጋሽ ወገቧን ይዛ፣ «ፖሊስነቱ ቀረና ንብ እረኛ ሆንክ?»

«በዚህ ወር ማሩን ከየት አመጣሽ?»

«ገዝቼ ነዋ! አርብ ዕለት አንድ የማላውቀው ተሸካሚ ከሃና ገበያ የመጣ ነው ብሎ ሸጠልኝ። ምነው? ማር መግዛት ክልክል ሆነ?»

ጣሳውን አውጥታ ውታፉን ነቀለች። ፈለቀ በጣቱ ቀመሰ። ጣፋጭ ነው። ግን የአበባ ሽታ የለውም፤ የተቃጠለ ስኳር ነው የሚሸተው።

«እኔንም ቀለዱብኝ በለኛ!» አለች አረጋሽ ራሷ ቀምሳ።

ውታፉ የተጠቀለለ ወረቀት ነበር። ፈለቀ ፈታው። «ጉዳዩ፦ ስለ ጫማ ቀለም አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል።» ጽሕፈቱ የራሱ ነው። ከታች ስሙ አለ።

ያን ወረቀት መጨረሻ ያየው ውባየሁ እጅ ላይ ነበር።

እስከ ውባየሁ ቤት በሩጫ ሄደ። በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«ይሄን ማን ሰጠህ?»

ውባየሁ የፈለቀን ያበጠ ዓይን ሲያይ መቀለዱን ተወ። «አንብቤ ለጋሽ ነጋሽ መለስኩለት። መጀመሪያም የሰጠኝ እሱ ነው።»

«ሳጥኑን ሰብረህ አላወጣኸውም?»

«የምን መስበር? እሱ ራሱ ነው፣ ‹አንብብላቸው፣ ሕዝቡ ትንሽ ይሳቅ› ያለኝ።»

ፈለቀ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ንቡ ከነደፈው ይልቅ ይህ አመመው። ግን ጊዜ የለም።

«ስኳሩ የመጣበት መኪና መቼ ደረሰ?»

«ረቡዕ ማታ።»

«ትናንት ያየሁት መዝገብህ ሐሙስ ነው የሚለው!»

«እኔ ረቡዕ ስብሰባ ነበርኩ። ጋሽ ነጋሽ መሠረተ ትምህርት ጣቢያው ውስጥ አሳድሮ ሐሙስ ጠዋት አስረከበኝ።»

«ይሄን ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ስለ ቁልፍ ነው የጠየቅከኝ» አለ ውባየሁ። «ስለ መኪና መች ጠየቅከኝ?»

*

ጸሐይዋ ተራራውን ነክታለች። ፈለቀ ሮጠ።

የመሠረተ ትምህርት ጣቢያው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ማዶ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ሰሞኑን ትምህርት የለም፤ በሩ ተቆልፏል። ፈለቀ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። ምንም የለም። ሰማዩ ደበዘዘ። «አበቃ» አለ በልቡ። ሻንቆ መኪናው ላይ ሲወጣ ታየው፤ አየለች ልብስ ይዛ ስትመላለስ ታየችው።

ያኔ አንድ ንብ በጆሮው ሥር አለፈ። በተሰነጠቀው የመስኮት ሳንቃ ገባ። ሌላው ከዚያው ወጣ፤ ሆዱ ከብዶት ዝቅ ብሎ በረረ። ጀርባው ቀይ ነው።

ፈለቀ በሩን በትከሻው ገፋው። በሁለተኛው ተገነጠለ።

ጥቁር ሰሌዳው ሥር አራት ጆንያ ስኳር ተደርድሯል። በርሜል ውስጥ የፈላ ስኳር ቀዝቅዞ ላዩን ንብ ሸፍኖታል፤ ግማሹ ሰምጦ ሞቷል። አጠገቡ የጣሳ ክምር አለ። በየጣሳው አፍ ወረቀት ተወትፏል፤ የሰው ሁሉ አቤቱታ።

ነጋሽ ከኋላ በር ገባ። አልሸሸም።

«ወንድሜ ፈለቀ» አለ። «ዓይንህን ምን ነካህ?»

«ወንድሜ አይበሉኝ። ለምንድን ነው ጋሽ ነጋሽ?»

ነጋሽ የተማሪ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። «አሥራ አራት ዓመት እዚህ ነኝ። እናቴ ደሴ ላይ ታማ ተኝታለች። የዝውውር ማመልከቻ ዘጠኝ ጊዜ ጻፍኩ፤ አንድ መልስ አልመጣም። በመጨረሻ ከላይ ያለው ሰው ‹የጂንካ ማር ደግ ነው ይባላል› ብሎ ላከብኝ። ገባህ? ዘንድሮ ደግሞ ማር የለም። ሁለት ጆንያ ስኳር አፍልቼ ማር አስመሰልኩ፤ ጥቂት ጣሳ ለሱ፣ የቀረው ተሸጦ ለመንገዴ ነበር።»

«እኔ ላይስ ለምን አሳቁብኝ?»

«የተሳቀበት ሰው ሁለተኛ አይጽፍም። ውባየሁ የአንተን ካነበበ በኋላ ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ሰላም አገኘሁ።»

«ሻንቆስ? ሰውየው ነገ ሊሄድ ነው!»

ነጋሽ ወለሉን አየ። «ሻንቆ መጻፍ አይችልም። አቤት አይልም ብዬ ነው።»

ፈለቀ የእጅ ሰንሰለቱን አወጣ። አስተማሪው እጁን ሲዘረጋ ጣቱ ላይ ቀይ ንብ አረፈ። አልነደፈውም።

*

ሰኞ ጠዋት መኪናው ነጋሽን ይዞ ሄደ። ሪፖርቱን ፈለቀ ጻፈው፤ መቶ አለቃ ዓባይነህ ፊደሉን አርሞ በራሱ ስም ፈረመበት። ከላይ ስላለው ማር ወዳድ የተጻፈው መስመር ተሰርዞ ነበር። ሻንቆ «ውጣ» ተባለ። ይቅርታ የሚባል ነገር አልተነገረውም።

በሳምንቱ ቅዳሜ የተገኘው ስኳር ለሕዝቡ ወጣ። ሻንቆ ተራው ደረሰ። ፈለቀ ከኋላው ነበር።

«ደብተርህ ተሰርዟል» አለ ውባየሁ። «የታሰረ ሰው ደብተሩ ይሰረዛል።»

«ተፈታሁ እኮ።»

«መፈታትህ አልተጻፈልኝም። ቅሬታ ካለህ ሳጥኑ ያው።»

ፈለቀ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሻንቆ ግን ቀስ ብሎ ወደ ሳጥኑ ሄደ። በሻካራ ጣቱ ጎኑን አንኳኳ። ቀዳዳውን ለካ።

«ውባየሁ፣ ይሄን ሳጥን አትሸጥልኝም?»

«ምን ልታደርግበት?»

«ቀፎ። እንጨቱ ደረቅ ነው፣ ቀዳዳው ለንብ ልክ ነው። እዚህ የገባ ነገር አይወጣም። እኔ ጋ ማር ይወጣል።»

ወረፋው ከዳር እስከ ዳር ሳቀ። በዚያ ሱቅ ሰው በውባየሁ ላይ ሲስቅ ያ የመጀመሪያው ነው። ፈለቀ አብጦ የነበረ ዓይኑን ይዞ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ዝም በሉ! ወረፋ ጠብቁ!» ውባየሁ ፊቱ ጠቁሮ ሚዛኑን ሳበ። «እሺ፣ ደብተርህን አምጣ።»

ሻንቆ አንድ ኪሎ ስኳሩን ተቀበለ፤ ከነጫማ ቀለሙ። እግሩ ባዶ ነበር።